የመቃብሩ ደረቅ ወገን

ዝናቡ በሐምሌ ገባ፤ አልወጣም። የታጨደው ሣር መሬት ላይ ጠቆረ። ያልታጨደው ተኛ። በመስከረም ድንቹ ከነመደቡ ሸተተ። በኅዳር ሐይቁ ካቡን ተሻግሮ የታችኛውን ማሳ ወሰደ። በጥር በረዶ ጣለ፤ በየካቲት ደገመ። መጋቢት ሲገባ በኪልቫራ መንደር ድርቆሽ የቀረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከብቱ በረት ውስጥ ይጮሃል፤ መጮህ ሲያቅተው ዝም ይላል። ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠራል፤ አንዱ ጭራዋን፣ አንዱ ቀንዷን ይዞ የተኛችውን ላም ያስነሳል። ያልተነሳችው በትራክተር ትጎተታለች።

ፊንታን ሩዌን በዚያ ክረምት ሁለት ጊደርና አንዲት አሮጊት ላም ሞቱበት። ዕድሜው ወደ ሰባው ነው። ሚስት አላገባም፤ በአባቱ ቤት ከእህቱ ከደሊያ ጋር ይኖራል። መሬቱ ረግረግ ነው፤ ቄጠማ እንጂ ሣር የሚባል አይወጣለትም። አባቱም አያቱም ከዚያ ቄጠማ ጋር ሲታገሉ ኖረው ነው የሞቱት።

ከካቡ ወዲያ ያለው መሬት የኮርማክ ደቫኒ ነው። እሱ ደረቅ ነው። ከሥሩ ጠጠር ስላለው ውኃ አይቋጥርም። ኮርማክ ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ድርቆሹን ሰብስቦ ከትቶ ነበር። ሬዲዮው ገና ፀሐይ ነው ሲል እሱ ምን እንደጠረጠረ እግዜር ይወቅ። ፊንታን ካቡ ላይ ተደግፎ ሲያየው "ቸኮለ፤ ሣሩ አልደረሰም" ብሎ በልቡ ስቆ ነበር። አሁን ካቡን ባየ ቁጥር ያ ሳቅ ትዝ ይለዋል።

ኮርማክ ገበሬ ብቻ ቢሆን ፊንታን ይችለው ነበር። ግን መጽሐፍም ይጽፋል። ጠዋት ላሞቹን ያልባል፤ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ይጽፋል። ሰባት መጽሐፍ አሳትሟል። ከደብሊን ሰዎች መጥተው ፎቶ ያነሱታል፤ ከጀርባው የሚታየው ብዙ ጊዜ የፊንታን ቄጠማ ነው። ፊንታን ከፈጣሪ ጋር አንድ ክርክር ነበረው። ለአንድ ሰው ብዕር ከተሰጠው መሬቱ ቄጠማ ይሁንበት፤ መሬቱ ከተሰጠው ደግሞ ብዕሩ ለሌላ ይሁን። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

መጽሐፎቹን ሰባቱንም አንብቧቸዋል። በረት ውስጥ፣ ቆሞ፣ ደሊያ እንዳታየው። የሚፈልገው ራሱን ነበር። ከኮርማክ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ተምረዋል፤ አብረው ከባለርስቱ ወንዝ ዓሣ ሰርቀዋል፤ አብረው ተገርፈዋል። በሰባቱ መጽሐፍ ውስጥ ግን ፊንታን የለም። ያገኘው አህያውን ነው። ያ ነካሽ አህያ ሁለት ገጽ ሙሉ ተሞግሷል። ስለ ባለቤቱ የተጻፈው አንዲት ቃል ናት፤ "ጎረቤቴ" ትላለች።

በመጋቢት አጋማሽ ኡና መጣች። የኮርማክ የወንድም ልጅ ናት፤ ደብሊን ታስተምራለች። የአጎቷን የዘር ሐረግ ልታፈላልግ ነው የመጣችው። አሮጌው መካነ መቃብር ውስጥ ተንበርክካ በየድንጋዩ ላይ ዱቄት ስታሽ ዋለች፤ የተፋቀው ጽሕፈት በነጩ ዱቄት ጎልቶ እንዲነበብላት ነው። መንገደኛው ቆሞ ያያታል።

"ዳቦ ልትጋግሪባቸው ነው ወይ?" አላት አንዱ።

"ከተነሡልኝ እጋግርላቸዋለሁ" አለች።

በማግስቱ የፊንታንን በር አንኳኳች። ክርኗ ድረስ ዱቄት ሆናለች። ደሊያ ሻይ ቀዳችላት፤ ዳቦ ቆርሳ ቅቤ ቀባችላት።

"አቶ ፊንታን፣ ሰው ሁሉ እርስዎን ጠይቂ አለኝ።"

"ሰው ሁሉ ሥራ ፈት ነው።"

"ጽሕፈት የሌላቸው ድንጋዮች አሉ። የማን እንደሆኑ እርስዎ ያውቃሉ ይላሉ።"

"የሩዌኖቹን አውቃለሁ።"

"የደቫኒስ?"

ፊንታን ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም ነበር።

"ደቫኒዎች የሚቀበሩት ከተማ ነው።"

"አያቱና አባቱ አዎ። የአያቱ አባትስ? ኦዊን የሚባለው? በረሃቡ ዘመን እዚሁ ነው የሞተው። ሚስቱ ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ወላጆቿ አገር ሄደች። ልጁ አድጎ ተመልሶ መሬቱን ያዘ፤ አባቱ የት እንዳለ ግን የነገረው ሰው የለም።"

"ልጄ፣ በዚያ ዘመን ስንቱ የት እንደወደቀ ማን ቆጠረው?"

ደሊያ ከምድጃው ዞር ብላ ወንድሟን አየችው። ከዚያ መልሳ ወደ ምድጃው ዞረች።

ኡና ሲኒውን አስቀመጠች። "አጎቴ ታሟል" አለች። "ሳንባው ነው። በጋውን አያይም ብለውናል። የሚፈልገው እዚህ መቀበር ነው፤ ማሳውን እያየ። መካነ መቃብሩ ደግሞ ለአዲስ ሰው ተዘግቷል። ወገኑ እዚያ ያረፈለት ብቻ ነው የሚገባው። የአንድ ሽማግሌ ቃል ካገኘን ቄሱ ይቀበሉናል። ካላገኘን ከተማ ነው።"

"ከተማ ምን አለው?"

"ከሥጋ ፋብሪካው ጀርባ ነው፣ አቶ ፊንታን።"

ፊንታን የራሱን ሲኒ አነሣ። የተሰማው ደስታ ነበር። አፈረበት፤ ደስታው ግን አለቀቀውም። ሰባት መጽሐፍ የጻፈ ሰው ከሥጋ ፋብሪካ ጀርባ ሊተኛ ነው።

ልጅቱ ስትወጣ ደሊያ ሲኒዎቹን እያነሳች "ግትር" አለችው።

"ምን አልሽ?"

"ሰምተኸኛል።"

ከሰዓት በኋላ ወደ መካነ መቃብሩ ወጣ። ኡና ሄዳለች፤ ዱቄቱን ዝናቡ እያጠበው ነው። የሩዌኖች ቦታ ከላይ እስከ ታች በተዳፋቱ ላይ ነው። የታችኛው ወገን እንደ ማሳቸው ውኃ ነው። እናቱ ስትቀበር ሰዎቹ በባልዲ ሲቀዱ ነበር፤ ሳጥኑ ሲወርድ የሰማው ድምፅ አሁንም ከጆሮው አልወጣም። የላይኛው ወገን በካቡ ጥግ ነው፤ ጠጠር ነው፤ ደረቅ ነው። እዚያ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነው። ፊንታን ያችን ቦታ ለራሱ ከያዛት ቆይቷል። ዕድሜ ልኩን እግሩ አልደረቀለትም፤ በመጨረሻ ደረቅ ይተኛል። ከኮርማክ የማያንስባት አንዲት ነገር እሷ ነበረች።

በዚያች ቦታ አጠገብ አንድ ጽሕፈት የሌለው ድንጋይ አለ። ፊንታን ገና ሱሪው በክር በሚታሰርበት ዕድሜው አባቱ እጁን ይዞ እዚህ አምጥቶት ነበር።

"ይህኛው የእኛ አይደለም" አለው አባቱ። "ደቫኒ ነው።"

ከዚያ ነገረው። በረሃቡ ዘመን ሩዌኖችን ተስቦ ጣላቸው። በበሩ የሚያልፍ አልነበረም፤ ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ይቀይር ነበር። ድንቹ በሰዓቱ ካልተተከለ የተረፈውም ሰው ያልቃል። ኦዊን ደቫኒ አካፋውን ይዞ መጣ። ብቻውን ከጠዋት እስከ ማታ መደቡን ቆፍሮ ዘሩን ቀበረላቸው። የበሽተኞቹን ውኃም ቀዳ። በወንፈል ሥራ የተሠራለት ቤት ሠራተኛውን ያበላል፤ ቀኑ እንደተሠራ የሚቆጠረው ሠራተኛው ሲበላ ነው። የዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ የሚበላ አልነበረም። ኦዊን ባዶ ሆዱን ሄደ። ብዙም ሳይቆይ በዚያው ተስቦ ሞተ። የፊንታን ቅድመ አያት የበሩን ሳንቃ ነቅላ እሱ ላይ አስተኝታ አመጣችውና በራሷ ወገን መቃብር፣ በደረቁ በኩል ቀበረችው።

"ልጁ ሲመለስ ለምን አልነገራችሁትም?" ብሎ ጠይቆ ነበር ፊንታን።

አባቱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። "አባትህን እኛ ገደልነው ብሎ የሚጀምር ማነው?" አለ። "አንድ ቀን ወንፈል አለብን። የአካፋ ቀን። እወቀው።"

ፊንታን አወቀው፤ አልረሳውም። አሁን ድንጋዩን እያየ ቆሞ ሒሳቡ ግልጽ ሆነለት። ከተናገረ የኦዊን አጠገብ የኮርማክ ይሆናል። ኮርማክ ደረቅ መሬት ላይ ኖሮ ደረቅ መሬት ውስጥ ይተኛል፤ ፊንታን ውኃው ውስጥ ይወርዳል። ከደብሊን የሚመጡትም እዚህ ይመጣሉ፤ ፎቶ ሲያነሱ ከጀርባ የሚታየው የሩዌኖች መቃብር ይሆናል። ካልተናገረ ማንም አያውቅም። አባቱ ለእሱ ብቻ ነው የነገረው።

"ያንተ ዝም ማለት አይከብድም" አለው ድንጋዩን፤ ወረደ።

በሁለተኛው ቀን የኮርማክ ትራክተር በር ላይ ቆመ። ተሳቢው ድርቆሽ ጭኗል። የድርቆሹ ሽታ እንደገባ በረት ያሉት ከብቶች መጮህ ጀመሩ። ኮርማክ ቀስ ብሎ ወረደ። ኮቱ የሌላ ሰው ኮት መስሎበታል፤ ፊቱ ሰም ሆኗል።

"ለአህያው ነው ያመጣሁት" አለ። "አንተን አላውቅህም።"

"አህያው ከሞተ ስንት ዘመኑ! የቀብር ንግግሩን አንተ አይደለህ የጻፍከው?"

"ጥሩ ንግግር ነበር።"

"ረዝሟል።"

ኮርማክ ሳቀና ሳለ። ሳሉ ካብ የሚናድ ይመስል ነበር። ፊንታን ሳሉ እስኪያልቅ የትራክተሩን ጎማ ሲያይ ቆየ።

"ወዴት ላራግፈው?"

"ይዘኸው ተመለስ። አለኝ።"

"አለኝ? ከብትህ የበረቱን በር እየበላ?"

"የራሴን በር ነው የሚበላው።"

ኮርማክ ተሳቢውን ተደገፈ። "አንተ ሰው፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ በአንተ እቀና ነበር።"

ፊንታን ቀና ብሎ አየው። ይቀልዳል ብሎ ነበር።

"እኔ ምን አለኝና?"

"በዓል በመጣ ቁጥር ወደ መቃብሩ ትወጣለህ። 'ይህ አያቴ፣ ይህች አክስቴ' እያልክ በየድንጋዩ ትቆማለህ። እኔ ካቡ ላይ ቆሜ አይሃለሁ። የጻፍኩትን ሁሉ የጻፍኩት እንዲህ የምቆምበት ድንጋይ ስለሌለኝ ይመስለኛል። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ሁለት ክንድ መሬት አጥቼ ከሥጋ ፋብሪካ ጀርባ ልሄድ ነው። ላሞቼን አርደው ሲጨርሱ እኔን ደርበው ቆርቆሮ ውስጥ እንዳይከቱኝ እንጂ።"

አሁን መናገር ይችል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበረች። ግን የኮርማክ ቅናት እንኳ ያማረ ሆኖ ታየው፤ ሰውየው ሲቀናም በደንብ ይቀናል፣ በደንብ ይናገረዋል። የፊንታን ቅናት ስም እንኳ ሳይወጣለት ሆዱ ውስጥ እንደ ቄጠማ በቅሎ ኖሯል።

"ይዘኸው ተመለስ" አለው ደግሞ።

ኮርማክ ትራክተሩን አስነሳ። ከብቶቹ ድምፁ ከመንገዱ እስኪጠፋ ጮሁ።

ከዚያ ፊንታን ታመመ። እርጥብ ልብስ ደረቱ ላይ ሲደርቅበት ነው የከረመው። ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጣለው። ደሊያ ወገቧ የታመመ ነው፤ ባልዲ እንጂ መንሽ ማንሳት አትችልም። ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ከብት ሊያስነሳ ይሯሯጣል። ፊንታን ተኝቶ ጩኸቱን ይሰማል። ቀዩዋን ጊደር ከድምፅዋ ያውቃታል። አንድ ጠዋት ሁሉም ዝም አሉ።

"አለቁ" አለ።

"አላለቁም" አለች ደሊያ። "ይበላሉ።"

"ምን?"

"ተነሥና እይ።"

ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መስኮቱ ጋ ደረሰ። ግቢው ውስጥ ተሳቢው ቆሟል። ኮርማክ ደቫኒ በመንሽ ድርቆሽ ያወርዳል። አንድ መንሽ ያነሣል፤ መንሹን ተደግፎ ይቆማል፤ ይስላል፤ ደግሞ ያነሣል። ቀዩዋ ጊደር ራሷን አውጥታ ከእጁ ትነጥቃለች። እሱ እንደ ሰው ያወራታል።

ደሊያ ከጀርባው መጣች። "ትናንትም መጥቶ ነበር። ከትናንት ወዲያም። እንዳልነግርህ አስምሎኛል።"

ፊንታን ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሰበሰበ።

"የታመመ ቤት ሲሆን የሚገቡት እነሱ ናቸው" አለች ደሊያ። "አባባ ለአንተ ብቻ የነገረህ መስሎሃል? አንተን የወሰደህ አካፋውን የሚይዝ ሰው አስፈልጎት ነው። ጆሮማ እኔም ነበረኝ።"

ፊንታን የአንድ ቀን ዕዳ ብሎ ነበር የያዘው። አሁን ስንት እንደሆነ ሊቆጥር ሞከረ፤ ተወው። ቦት ጫማውን ያለ ካልሲ አጠለቀ፤ ኮቱን በሌሊት ልብሱ ላይ ደረበ፤ ወጣ።

"ስጠኝ መንሹን።"

"ግባ፤ ትሞታለህ።"

"አንተ ነህ የምትሞተው። ስጠኝ።"

ኮርማክ መንሹን አልሰጠውም፤ ተደገፈው። ሁለቱም ትንፋሽ አጥሯቸው ተያዩ።

"ኦዊን የት እንዳለ አውቃለሁ" አለ ፊንታን።

 ጊደሯ ብቻ ታኝካለች።

ፊንታን ነገረው። አባቱ በነገረው አኳኋን ነው የነገረው፤ ምንም አላከለበትም፤ የበሩን ሳንቃም፣ ባዶ ሆዱን መሄዱንም። ሲጨርስ ኮርማክ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?"

"ከልጅነቴ።"

"አንድ ወንበር ላይ ስንቀመጥ?"

"አዎ።"

"ዓሣ ስንሰርቅ?"

"አዎ፣ አዎ። እዚያም።"

"እና ለምን አልነገርከኝም?"

ፊንታን ብዙ መልስ ነበረው። የአባቱ ዝምታ፣ የተስቦው ነውር። እውነቱን መረጠ። "ሁሉ ነገር ነበረህ" አለ። "ይህን ደግሞ ልጨምርልህ?"

ኮርማክ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ገባው ሰው። ከዚያ "በየትኛው በኩል ነው?" አለ።

"በካቡ ጥግ።"

"ደረቁ ወገን?"

"ደረቁ።"

"አንተስ?"

"እናቴ አጠገብ።"

"ውኃው ውስጥ።"

"ለምጄዋለሁ።"

ኮርማክ ሳቀ፤ ሳሉ መጣበት፤ እየሳለም ሳቀ። "ዕድሜ ቢኖረኝ ይህን እጽፈው ነበር።"

"አህያውን ጽፈሃል። ይበቃል። እኔን ለምን ተውከኝ?"

"አህያ አይከስስም" አለ ኮርማክ። "አንተ ግን በማግስቱ ፍርድ ቤት ታቆመኝ ነበር።"

ፊንታን አሰበበት። እውነት ነበር።

በዚያው ሳምንት ከኡና ጋር ቄሱ ቤት ሄዶ ቃሉን ሰጠ። ኡና ድንጋዩ ላይ ዱቄት አሸችበት፤ ምንም አልወጣም፤ እሷ ግን እጇን ጭና ቆየች። ሣር በቀለ። የተረፉት ከብቶች ወጡ።

ኮርማክ በግንቦት፣ ቅዳሜ ዕለት ሞተ። ቀብሩ ሰኞ እንዲሆን ተባለ። ቆፋሪ ማሽን ከከተማ እናምጣ ያለ ዘመድ ነበር። ፊንታን እቤታቸው ድረስ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ።

"ማሽን አይገባም" አለ። "ዘመድም አይቆፍርም። ጎረቤት ነው የሚቆፍረው።"

"አቶ ፊንታን፣ ገና ከአልጋ መነሣትዎ ነው እኮ" አለችው ኡና።

"እኔ ነኝ የምቆፍረው።"

ሰኞ መቃብር አይከፈትም፤ ክፉ ነው ይባላል። ስለዚህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጥቶ ሣሩን ከነሥሩ አንድ አካፋ ገልብጦ ተመለሰ፤ እንዲያ ከተደረገ እሑድ እንደተከፈተ ይቆጠራል። ሰኞ ገና ሲነጋ ጀመረ። ሁለት ጎረቤቶች ሊያግዙት መጥተው ነበር። አካፋውን አልሰጣቸውም፤ አፈሩን ከጉድጓዱ አፍ እንዲያርቁለት ብቻ ፈቀደ። ይቆፍራል፤ ያርፋል፤ ይቆፍራል። ጠጠሩ ከአካፋው ጋር ይንጫጫል። ወገቡ ድረስ ወረደ፤ ደረቱ ድረስ ወረደ። አንዲት ጠብታ ውኃ አልነበረም። ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው። እንደ ዳቦ ቅርፊት ደረቅ ነው። ማሳው ከጉድጓዱ አፍ በላይ አይታይም፤ ሽታው ግን ይመጣል። አካፋውን ተደግፎ ቆመ። ቅናቱ መጣበት፤ እንደ ድሮው። እስኪያልፍ ጠበቀው። አልፎ እንደሆነም እርግጠኛ አልነበረም። ጥግ ጥጉን አስተካከለ፤ ሰው እንዳይቆረቁረው ወለሉን ደለደለ።

"እጅ ስጡኝ" አለ፤ አወጡት።

ኡና በካቡ በር ገባች። በአንድ እጇ የሻይ ጣሳ፣ በሌላው በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦና የተቀቀለ የአሳማ ሥጋ ይዛለች። ከደቫኒ ቤት ነው የመጣው። አጎቷ ሊሞት ሲል ምን ብሏት እንደነበር አልተናገረችም፤ ብቻ ዘርግታለት ቆመች።

ፊንታን አካፋውን በሣር ጠረገ። በኦዊን ድንጋይ ላይ አስደገፈው። ከአጠገቡ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ምግቡን ከእጇ ተቀበለ። እየተቻኮለ አልበላም። የመጨረሻዋን ቅርፊት በጣቱ ለቅሞ በላ፤ ሻዩን እስከ አተላው ጠጣ፤ ጣሳውን መለሰላት።

"ቀኑ ተቆጠረ?" አለች ኡና።

"ተቆጠረ" አለ ፊንታን።